የስኳር ሕመምተኛና የእንጦጦ ጠበል

ከየካ ሰፈሮች በማለዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ከሚወጣው ምእመን መካከል የስኳር ሕመም ያለበትም ይገኛል፤ ሕመሙ እንደ ቁስል በዓይን አይታይምና ማንም አይለየውም።

ከውጭ አገር ትምህርቴን ፈጽሜ በተመለስሁበት ዓመት፣ ኢንሱሊን የሚወስዱ አንዲት እናት ሱባዔ ሊገቡ መሆናቸውን ቢነግሩኝ «ጠበሉን ይተዉ» አልኋቸው። እርሳቸው ግን የተዉት ጠበሉን ሳይሆን እኔን ነው። ከወራት በኋላ የእግራቸው ጣት ቆስሎ መጡ። ስኳሩ የእግራቸውን ነርቭ አደንዝዞት ስለ ነበረ በባዶ እግራቸው ሲመላለሱ የወጋቸው እሾህ አልተሰማቸውም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አሳባቸውን ሳልጠይቅ ፈርጄ ነበርና።

በአገራችን ይህ ሕመም ከድንጋጤና ከኀዘን ይመጣል የሚል ብዙ ነው። መርፌ የጀመረ ሰው አበቃለት የሚልም አለ። ጣፋጩን ደም መራራ ያበርደዋል በማለት እሬትና ግራዋ የሚጠጣም አይታጣም፤ ከካሪቢያን ደሴቶች ወደ እንግሊዝ አገር የሄዱ ጥቁሮችም ሰራሲ የሚባለውን መራራ ቅጠል ለዚሁ ብለው ያፈላሉ። (ማር የተፈጥሮ ነውና አይጎዳም ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ማር ስኳር ነው።)

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጠበሉ አይደለም፤ በጠበሉ ስፍራ የሕመሙ ምልክት ሌላ ትርጓሜ ማግኘቱ ነው። ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል ልጅ መርፌውን ቢያቋርጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ደሙ በአሲድ ይመረዛል፤ ሆዱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ይበረታል። በዚያ ስፍራ ማስመለስ ደዌው የወጣበት ምልክት ተደርጎ ይቈጠራልና፣ ቤተ ሰቡ እልል ሲል ልጁ ወደ ሞት ይቃረባል። ኢንሱሊን በ1914 ዓ.ም. በቶሮንቶ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት የእንዲህ ያለው ልጅ ዕድሜ እጅግ አጭር ነበር።

መርፌውን ወስዶ የሚጾመው ደግሞ ስኳሩ ከመጠን በታች ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይዘባረቃል። ተመልካቹም መንፈስ ያዘው ይላል። መምህራን ይህንኑ በተማሪ ላይ ልታዩት ትችላላችሁ። መዋጥ ከቻለ ወዲያው የስኳር ውሃ ይጠጣ፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይገባ ወደ ሐኪም ይድረስ።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ለስኳር ሕመምተኛም የሚከለክል ነገር አላይም። ስለ ጾሙ ከነፍስ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይምከር፤ ማቀዝቀዣ ባይኖር ኢንሱሊኑን ፀሐይ በማይደርስበት፣ በውሃ በራሰ ሸክላ ውስጥ ያኑር።

ዛሬ ጠበል እሄዳለሁ የሚለኝን ሁሉ የምጠይቀው ስንት ቀን እንደሚቈይና ለስንት ቀን የሚበቃ መርፌ እንደ ያዘ ነው። እናቲቱም አሁን ወደ እንጦጦ ሲወጡ ኢንሱሊናቸውን ይዘው ነው፤ ማታ ማታም የልጅ ልጃቸው የእግራቸውን መዳፍ በመብራት ታይላቸዋለች።