አግዳሚ ወንበራችን ለምን ቶሎ ይወላገዳል?

እንደሚታወቀው በካኩማ ጣውላ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ከስንት ቁጠባ በኋላ ያሠራነው አግዳሚ ወንበር ዓመት ሳይሞላው ሲወላገድ ያንገበግባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ግን እንጨቱ ሳይሆን መጋጠሚያው ነው።

ዋናው ጠንቅ ርጥብ እንጨት ነው። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል። ሚስማሩ አብሮት ስለማይኮማተር ወይ ይላላል፣ ወይ ጣውላውን ይሰነጥቀዋል። እንግዲህ ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርገን፣ በየመሀሉ ቀጫጭን እንጨት አስገብተን፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር እናድርቀው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ችኮላ ነው፤ ያሰነጥቀዋል።

ቀጥሎ ያለው የአገጣጠም ጉዳይ ነው። ሁለቱን እግሮች የሚያያይዘውን እንጨት ጫፍ በመጋዝ አሳንሰን፣ የውፍረቱን ሲሶ የሚያህል ምላስ እናወጣለን። በእግሩ ላይ ደግሞ ልኩን በመሮ እንቦረቡራለን። ምላሱ ጥብቅ ብሎ ከገባ በኋላ ሁለቱን አብሮ በስቶ ደረቅ የእንጨት ችንካር መምታት ነው። ከእግሩ ወደ መቀመጫው በሰያፍ የሚሄድ ደጋፊ ከተጨመረበት ወንበሩ ወደ ጎን አይንጋደድም።

የጅማ በርጩማ ብዙ ዘመን የሚያገለግለው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ ነው፤ የሚላላ መጋጠሚያ የለውም። ሦስት እግሩም ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆን አይወዛወዝም።

ምስጥ እንዳይበላው ከየእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግ።

የምታሠሩ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ወንበሩን ገልብጣችሁ እዩት። ከሚስማር በቀር ሌላ መያዣ ከሌለው ከአናጢው ጋር ስለ ዋጋው እንደገና ተነጋገሩ።