ሞተር ከመሰበሩ በፊት ይናገራል

የሞተር ጉልበት ምንጩ እስትንፋሱ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1999 ለጃፓን ገበያ ባቀረበው «ኤስ 2000» መኪና ላይ የገጠመው ባለ 2 ሊትር ሞተር፣ ያለ ቱርቦ፣ ከማደያ በሚቀዳ ከፍተኛ ኦክቴን ቤንዚን 250 የፈረስ ጉልበት አስገኝቷል። ምስጢሩ በደቂቃ 8,300 ዙር መሽከርከሩ፣ በከፍተኛ ዙር ቫልቮቹን አስፍቶ መክፈቱና ድብልቁን 11.7 እጥፍ ማመቁ ነው።

ይሁንና እመቃው ከቤንዚኑ አቅም ካለፈ፣ ድብልቁ የካንዴላውን ነበልባል ሳይጠብቅ በራሱ ይቀጣጠላል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ውሎ አድሮም ፒስተን ይሰበራል።

ይህ ሕግ ለአሮጌው የቤንዚን መኪናችንም ይሠራል። ወንድሜ ሾፌር፣ አቀበት ላይ ሞተሩ ቢያንኳኳ ማርሽ ቀንስ እንጂ ቤንዚን መስጫውን አትርገጥ። እኅቴ ሆይ፣ ከባለቤትሽ ጎን ተቀምጠሽ ያን ድምፅ ብትሰሚ፣ ዝም አትበዪ።