በጨለማ የሚጀመር ሥዕል

እ.ኤ.አ. በ1793 የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ለሕዝብ ሲከፈት ሠዓሊዎችም ሸራና ብሩሻቸውን ይዘው ገቡ። ዛሬም አልወጡም። ፈቃድ ያገኘ ሰው፣ ጀማሪም ይሁን ባለሙያ፣ ከጥንት ሊቃውንት ሥራ ፊት ቆሞ በዘይት ቀለም መገልበጥ ይችላል። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ቅጂው ከዋናው በአንድ አምስተኛ ያህል ማነስ ወይም መብለጥ አለበት፣ ፊርማም አይገለበጥም። ነገ ገበያ ላይ «ዋናው ይኸው» እንዳይባል ነው።

ብርሃንና ጥላን መማር የሚሻ እዚያው ሉቭር ባለው በሠዓሊው ዦርዥ ደ ላ ቱር «አናጺው ዮሴፍ» ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ። በ1642 ገደማ የተሣለ ነው። አረጋዊው ዮሴፍ ጎንበስ ብሎ ወፍራም እንጨት በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ሕፃኑ ኢየሱስ ሻማ ይዞለታል። ነበልባሉን የከለለው እጁ፣ ብርሃኑ አልፎበት፣ ጣቶቹ ፍም መስለዋል። ሌላው የብርሃንና የጥላ ሠዓሊ ካራቫጆ ብዙ ጊዜ የብርሃኑን ምንጭ ከሥዕሉ ውጭ ይተወዋል። እዚህ ግን ሻማው ፊት ለፊት ስላለ እያንዳንዱ ጥላ ከየት እንደመጣ መከተል ይቻላል።

ሥራው የሚጀምረው ከጨለማው ነው። ሸራው በስስ ቡናማ ይቀባል፤ ሳይደርቅ ብርሃን ያረፈበት ቦታ፣ የዮሴፍ ግንባርና የልጁ ፊት፣ በጨርቅ ይጠረጋል። ነጭ ሳይነካ ሰው ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ጥላው ስስ እንደሆነ ይቀራል፣ ብርሃኑ እየወፈረ ይደረባል። ብዙ ጀማሪ ግን ጥላውን በጥቁር ያጠግበውና ጥልቀቱን ይገድለዋል።

ጣቶቹ ፈታኝ ናቸው። ቀይ ከነጭ ጋር ቢቀላቀል ሮዝ ይሆናል እንጂ አይበራም። ፈዛዛው ቀለም ከደረቀ በኋላ፣ በተልባ ዘይት የቀጠነ ቀይ በላዩ ሲሳብ ነው ከሥር ያለው ብርሃን የሚያልፈው። መጠበቅ ግድ ነው፤ ዘይቱ የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ስለሆነ ቀናት ይፈጃል። የላይኛው ንብርብር ከታችኛው ይልቅ ዘይት ሊበዛው ይገባል፤ ከተገላበጠ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ላ ቱር በ1652 ሞቶ ከ250 ዓመት በላይ ተረሳ፤ ሥራዎቹም በሌሎች ስም ይጠሩ ነበር። በ1915 ነው ጀርመናዊው የጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ሄርማን ፎስ ስሙን የመለሰለት። እርስዎም ከእሱ ሲገለብጡ ከሸራው ጀርባ «ከላ ቱር የተገለበጠ» ብለው ይጻፉና ከሥሩ የራስዎን ስም ያኑሩ።