በመጽሐፍ የተከፈለ ሕክምና

ኢየሩሳሌም ላይ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ የወጣ ሰው ኢትዮጵያ ጎዳናን ይዞ ወደ ላይ ቢያዘግም፣ ብኔይ ብሪት ከሚባለው መንገድ ይደርሳል። ጥጉ ላይ በ1902 የተከፈተ የድንጋይ ቤት አለ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዛሬው የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያደገው በዚህ ቤት ከነበሩት መጻሕፍት ነው።

ቤተ መጻሕፍቱን በ1892 ያቋቋመው የብኔይ ብሪት ማኅበር ነው። መደርደሪያውን የሞሉት ግን ዶክተር ዮሴፍ ሐዛኖቪች የተባሉ የቢያሊስቶክ ከተማ ሐኪም ናቸው። በ1890 ኢየሩሳሌምን አይተው ከተመለሱ በኋላ ሐሳባቸው ሁሉ መጽሐፍ ሆነ። ያከሙት ሰው ቤቱ መጽሐፍ ካለው፣ በገንዘብ ፈንታ እሱን ይቀበሉ ነበር። በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ ወደ ኢየሩሳሌም ልከው፣ በ1919 ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር በድህነት ዐረፉ። በእኛ አገር መድኃኒት አዋቂ መጽሐፉን ለገዛ ልጁ እንኳ የሚያሳየው በስተርጅናው ነው፤ እኒህ ሰው ግን ለማያውቁት አንባቢ ሰጡት።

የሕክምና ታሪክ መጻሕፍቱን ያመጡት ደግሞ ሌላ ሐኪም ናቸው፤ በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ የዓይን ሐኪም የነበሩት ሃሪ ፍሪደንዋልድ (1864–1950)። አይሁድ ሐኪሞች የጻፏቸውን የብራና ጽሑፎችና ጥንታዊ ኅትመቶች ዕድሜ ልካቸውን ሲያሰባስቡ ኖረው ለኢየሩሳሌሙ ቤተ መጻሕፍት አበረከቱ። የማይሞኒደስ የሕክምና ድርሳናት ከነዚህ ይቆጠራሉ። የይስሐቅ እስራኤሊም ሥራ አለ፤ በጥንት ዘመን የአውሮፓ ሐኪም የሕመምተኛውን ሽንት በብርጭቆ ወደ ብርሃን አንሥቶ ቀለሙንና ዝቃጩን ሲመረምር፣ የሚመራው የዚህ የሰሜን አፍሪካ ሊቅ መጽሐፍ ነበር።

እኔን ከሁሉ የሚይዘኝ ግን ፖርቱጋላዊው አማቱስ ሉሲታኑስ ነው። ያከማቸውን ሰዎች ታሪክ መቶ መቶ እያደረገ በሰባት ክፍል ጻፈ፦ ምን እንዳመማቸው፣ ምን እንደሰጣቸው፣ ማን እንደዳነ፣ ማን እንደሞተ። እሱ ራሱ በሃይማኖቱ ምክንያት ከአገር አገር የተሰደደ ሰው ነው። በ1559 ተሰሎንቄ ላይ ባሰፈረው መሐላ አይሁድ፣ ክርስቲያን፣ ሙስሊም ሳይል እንዳከመ፣ ከድኻም ዋጋ እንዳልጠየቀ ይናገራል። በ1568 እዚያው ከተማ ወረርሽኝ ገባ፤ አማቱስም የታመሙትን ሲያክም በዚያው በሽታ ሞተ።