ብርድና የወይን ሐረግ
(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ)

በደብረ ብርሃን፣ በቤታችን ጓሮ፣ አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት የተከሏት አንዲት የወይን ሐረግ አለች። በየዓመቱ ታቆጠቁጣለች፤ ጥቅምት ሲገባ ግን ውርጩ ቅጠልዋን በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ዘንድሮ አባቴ፣ «ወይን የቆላ ነው፤ ነቅዬ ጌሾ እተክልበታለሁ» አሉ። እኔም ከመነቀልዋ በፊት፣ በብርድ አገር ወይን የሚያለሙ ሰዎች እንዴት እንደሚያደርጉ መረመርሁ። ያገኘሁትን እነሆ ለአንባብያን አቀርባለሁ።

በዛሬዪቱ ዩክሬን የተወለዱት ዶክቶር ኮንስታንቲን ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በኒው ዮርክ ግዛት የአውሮፓ ወይን ከብርዱ የተነሣ አይጸድቅም ይባል ነበር። እርሳቸው ግን ብርድ በሚችል ሥር ላይ የአውሮፓውን ቅርንጫፍ አጣብቀው አጸደቁት። በ1962ም ከኪዩካ ሐይቅ በላይ ባለው ኮረብታ የቤተ ሰባቸውን ወይን መጥመቂያ አቋቋሙ። በ1985 ሲሞቱ ልጃቸው፣ ከዚያም የልጅ ልጃቸው ሥራውን አስፋፉት።

ምሥጢሩ ይህ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ስለዚህ ወይኑ በተዳፋት ላይ ይተከላል። ጥልቁ ሐይቅም የበጋውን ሙቀት አኑሮ በብርድ ጊዜ ይመልሳል። በረዶ ከመውደቁ በፊት ሥሩና ቅርንጫፉ የተጣበቁበት ቦታ በአፈር ይሸፈናል። ደኅና ምርት የሚለቀመው ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ነው።

በብርድ አገር ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ኮምጣጣነቱ አይጠፋም፤ ስኳሩ ግን ያንሳል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር በእርሾ ሲፈላ ከመቶ አንድ እጅ አልኮል ይሰጣል። እናቴ ጠጅ ሲጥሉ ማሩን እንደሚመጥኑ፣ እነርሱም ሳይለቅሙ ስኳሩን ይለካሉ።

የእኛይቱ ሐረግ ችግር ሁለት ነው። የኒው ዮርኳ በረዶ የሚያገኛት ቅጠልዋን አራግፋ ስትተኛ ነው፤ የእኛይቱን ግን ውርጩ ለምለም ሳለች ይመታታል። ደግሞም የተተከለችው በጓሮው ታች ነው፤ እዚያ የድንጋዩ አጥር ቀዝቃዛውን አየር እንደ ግድብ ያቆመዋል።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ከእርስዋ ቅርንጫፍ ቆርጠህ ፀሐይ በሚያገኘው በላይኛው ግድግዳ ሥር ትከል። ይህችንም እስከ ጥቅምት ታግሼአታለሁ» አሉኝ።

ሁለት ቅርንጫፍ ተክያለሁ። ፍርዱን የሚሰጠው ጥቅምት ነው።