ከለገጣፎ ወደ መንዝ ጓሳ፦ የጋራ መሬት አጠባበቅን ለማየት የሚደረግ ጉዞ

ከለገጣፎ ተነሥቶ በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሸዋን ሰፊ ደጋ እያቋረጠ ደብረ ብርሃን ይገባል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚያ አልፎ ጣርማ በር ላይ ሲደረስ ገደሉ ወደ ቆላው ቁልቁል ተዘርግቶ ይታያል። ወደ መዘዞ የሚወስደው መንገድም እዚሁ ተገንጥሎ ወደ መንዝ ተራሮች ይወጣል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው የጓሳ ሜዳ የሚገኘው መሐል ሜዳ ከተማ ከመደረሱ በፊት ነው።

የጉዞው ጥቅም በተራራው ውበት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ጓሳ ገበሬው ራሱ ጠብቆ ያቆየው ሥፍራ ነው። «ቀሮ» በሚባለው ነባር ሥርዓት መሠረት ሜዳው ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ከአጫጅና ከከብት ተከልክሎ ይቆይ ነበር። ሣሩ መድረሱ ሲረጋገጥ በበጋ ይከፈታል፤ በቅድሚያ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብት ይሰማራል፤ ክረምት ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ይህ ሥርዓት ከርስት ይዞታ ጋር አብሮ ቀረ። ሜዳው ጠባቂ በማጣቱም ተጎዳ። ይሁን እንጂ በዙሪያው የነበሩት የገበሬ ማኅበራት ተመካክረው ኮሚቴ በማቋቋም ጥበቃውን በአዲስ መልክ ቀጠሉ። ቀድሞ የመጠቀም መብት ከአቅኚ አባቶች በትውልድ የሚቆጠር ነበር፤ በአዲሱ አሠራር ግን የማኅበሩ አባል ሁሉ ተካፋይ ሆነ።

ጥበቃው የዱር አራዊትንም ጠቅሟል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘውና ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ በጓሳ ይኖራል። በ2007 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25ቱ ብቻ ነው።

ጉዞውን የሚያቅዱ መሪዎች የበጋ ወራትን ቢመርጡ ይሻላል። የመንገዱን ጸጥታ አስቀድሞ ከየወረዳው ማጣራት ያስፈልጋል። የጓሳ ሌሊት ብርዱ ጽኑ ስለሆነ ጋቢና ወፍራም ልብስ መያዝ ይገባል። የውሻ በሽታ ቀበሮውን ስለሚፈጅ ውሻ አስከትሎ መሄድ አይገባም። ርቆ ለመሄድ የማይችል ቡድን በሰበታ አቅራቢያ የሚገኘውን የመናገሻ ሱባ ደን መጎብኘት ይችላል።

ከሁሉም በላይ ከመነሣት በፊት ጥያቄዎችን ማዘጋጀት ተገቢ ነው። ሜዳው የሚዘጋበትን ቀን የሚወስነው ማን ነው? ጥበቃው በምን ይተዳደራል? ደንብ የጣሰ እንዴት ይቀጣል? ከብት የሌለው አባልስ ድርሻው ምንድን ነው? በለገጣፎ፣ በሱሉልታና በቡራዩ ዙሪያ ከተማው እየሰፋ የጋራ ግጦሹ እየጠበበ መሄዱ የታወቀ ነው። የተረፈውን በደንብ ለማስጠበቅ የሚፈልግ ማኅበር ከመንዝ ገበሬዎች ብዙ ይማራል።