«አለቀ» ብሎኝ ያላለቀው ፓይተን

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሰኞ ጠዋት ለአንድ ደንበኛ የቤተሰብ ወጪ መጠይቅ ዳታ አጽድቼ ማስረከብ አለብኝ። ክፍያው የሁለት ወር የቤት ኪራይ ይሸፍናል። የላከልኝ ፕሮግራም ግን ፓይተን 3.11 ካልሆነ አልነሳም አለ። የኔ ላፕቶፕ ያገለገለች ናት፤ ራሟ 4 ጊጋባይት፣ የተጫነባት ኡቡንቱ 20.04። ከሱ ጋር የሚመጣው ፓይተን 3.8 ነው።

አዲስ ኡቡንቱ ላውርድ ብል ብዙ ጊጋባይት ይበላል። የፓይተን 3.11 ሶርስ ኮድ ደግሞ 20 ሜጋባይት ገደማ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው የትኛውን ይመርጣል? ርካሹን! የዳታውን ዋጋ ቆጠርኩ፣ የጊዜዬን ዋጋ ረሳሁት።

ለማታውቁት፣ ፓይተን ራሱ በአብዛኛው ሲ በሚባል ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ሶርስ ኮዱን ጥሬ እህል፣ ኮምፓይለሩን ወፍጮ አድርጋችሁ አስቡት። «ኮንፊገር» ማሽናችሁ ምን እንዳለውና እንደሌለው ይፈትሻል፣ «ሜክ» ይፈጫል፣ ከዚያ መጫን ነው። (አንድሮይድ ስልክ ብቻ ያላችሁ አትጨነቁ። ተርመክስ የሚባለው አፕ የተፈጨውን ያወርድላችኋል።)

ኮንፊገር ገና ሲጀምር ሲ ኮምፓይለር የለም ብሎ ቆመ። «ቢልድ ኢሴንሻል» የሚባለውን ጥቅል ጫንኩ፣ አለፈ።

ሜክ ላይ ግን ችኮላዬ አስመታኝ። «ጄ» የሚል ምልክት ከጨመራችሁ ብዙ ፋይል በአንዴ ይሠራል፤ ቁጥር ካልሰጣችሁት ግን ገደብ የለውም። እኔ ቁጥር አልሰጠሁትም። ራሟ ሞላ፣ ማውሱ ደረቀ፣ ፋኗ ጮኸች፣ በመጨረሻ «ኪልድ» የሚል ቃል መጣ። ኮዱ የተበላሸ መስሎኝ እንደገና አወረድኩት። ለካ ኮዱ ምንም አልሆነም። ሊኑክስ ሜሞሪ ሲያልቅበት ብዙ የሚበላ ፕሮግራም ይገድላል፤ የተገደለው ኮምፓይለሩ ነበር። «ጄ 2» ብዬ ሰጠሁት፣ ቀስ እያለ ሄደ።

ማታ መብራት ጠፋ። ባትሪዋ የሞተ ስለሆነ ላፕቶፗም አብራ ጠፋች። መብራት ሲመጣ ሜክ ያለቀውን ዘልሎ የቀረውን ቀጠለ፤ የሚያወዳድረው ፋይሎቹ የተቀየሩበትን ሰዓት ነው። ደስታዬ አልቆየም፣ አንዱ ፋይል «ተቆርጧል» የሚል ስህተት ወጣ። መብራቱ ሲሄድ እየተጻፈ የነበረ ፋይል ነው። ሜክ ሰዓቱን እንጂ ውስጡን አያይም። «ሜክ ክሊን» ብዬ ከዜሮ ጀመርኩ።

እሁድ ጠዋት አለቀ። ጫንኩት፣ ከፈትኩት፣ ሁለት ሲደመር ሁለት አልኩት፣ አራት አለኝ። ከዚያ በ«ፒፕ» ፓንዳስን ላውርድ ስል የኤስኤስኤል ሞጁል የለም አለኝ። ያለሱ ፓይተን ደህንነቱ በተጠበቀ መስመር ኢንተርኔት ላይ መገናኘት አይችልም፤ ስለዚህ ፒፕም ምንም አያወርድም። እኔ ግን ጥፋቱን ኔትወርኩ ላይ ለጠፍኩ። ሲም ቀየርኩ፣ ጎረቤት ዋይፋይ ለመንኩ። እንዲህ ሁለት ሰዓት ሄደ።

ተርሚናሉን ወደ ላይ ስመልሰው ግን ሜክ ነግሮኝ ነበር! ኤስኤስኤልን መሥራት አልቻልኩም፣ ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል ይላል። ፓይተን ይሄን ሞጁል እንደ ግዴታ አያየውም። ካጣው ይዘለዋል፣ ዝርዝሩን መጨረሻ አካባቢ ይጽፋል፣ ሥራውን ግን «አለቀ» ብሎ ይጨርሳል። እኔ ቀይ ጽሑፍ ስጠብቅ አልፎኛል።

አሁን ሌላ እንቆቅልሽ መጣ። ላፕቶፔ ላይ ያለውን ኦፕንኤስኤስኤል ብፈትሽ 1.1.1 ነው። አለ እኮ! ታዲያ ምን ጎደለው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኡቡንቱ አንድን ላይብረሪ ለሁለት ይከፍለዋል። ለተጠቃሚ የሚሆነው ክፍል ቀድሞ ተጭኗል። ለሚገነባ ሰው የሚሆነው፣ ማለትም ላይብረሪው ውስጥ ምን ምን እንዳለ ለኮምፓይለሩ የሚነግሩት ፋይሎች ያሉበት፣ ስሙ በ«ዴቭ» የሚያልቅ ሌላ ጥቅል ነው። እኔ የመጀመሪያው ብቻ ነበረኝ። «ሊብኤስኤስኤል ዴቭ»ን ጫንኩ። ሜክን ብቻ መድገም አይበቃም፤ ኮንፊገር የድሮውን «የለም» ስለመዘገበ መጀመሪያ እሱን መድገም ያስፈልጋል። ስትጭኑ ደግሞ «ኢንስቶል» ሳይሆን «ኦልትኢንስቶል» በሉ፤ አለበለዚያ አዲሱ የኡቡንቱን «ፓይተን 3» ስም ወስዶ በሱ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ሊያደናግር ይችላል።

እሁድ ማታ ፓንዳስ ወረደ። ሌሊቱን ዳታውን ሳጸዳ አደርኩ። ሰኞ ጠዋት ላክሁ፣ ደንበኛው «ተቀብያለሁ» አለ።

ከሰዓት ለአንድ ጓደኛዬ ሁሉንም አወራሁለት። ሳቀ። ዴድስኔክስ የሚባል ማከማቻ ለኡቡንቱ 20.04 ተዘጋጅቶ ያለቀ ፓይተን 3.11 ነበረው። ትዕዛዙን በቴሌግራም ላከልኝ፦ ሦስት መስመር ነው።